የጀልባችን መቀመጫ ስር ያለው የዕቃ ሳጥን ውሃና የቤንዚን ሽታ አስቸገረን፣ እንዴት እናድሰው?

ሙሄ_ሐይቅ
ሰላም እንደምን ሰነበታችሁ። ወሎ ሐይቅ ከተማ፣ ሐይቁ ላይ ከጓደኞቼ ጋር አንድ ያገለገለች የፋይበር ጀልባ አለችን፣ ከጅቡቲ በሚሌ በባቲ አድርጋ በመኪና ተጭና የመጣች ናት፣ ርዝመቷ ስድስት ሜትር ገደማ ይሆናል። በሸራ የምትሄድ ናት፣ ምሰሶውም ሸራውም አለ፣ እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኋላዋ በገጠምነው ትንሽ ሞተር ነው እንግዳ የምናዞርባት። ጥያቄዬ ስለ ሞተሩም ስለ ሸራውም አይደለም። ከኋላ በግራ በኩል መቀመጫው ስር ያለው የዕቃ ሳጥን ነው ያማረረን። አፉ ጠባብ ነው፣ ውስጡ ግን እስከ ኋላዋ ጫፍ ድረስ ገብቶ ይሄዳል፣ አንድ ሰው በጭንቅላቱ ቢገባ እስከ ወገቡ ነው፣ እግሩን ውጭ ሆኖ የሚይዝለት ሌላ ሰው ይፈልጋል፣ ዳር ላይ ያለው ሰው ደግሞ ቆሞ ይስቅብናል።

ገመዱ፣ መልህቁ ከነሰንሰለቱ፣ የእንግዶቹ ላይፍ ጃኬት፣ ባትሪው፣ የቤንዚኑ ጀሪካን፣ ሁሉም እዛው ነው። ታቹ ሁልጊዜ ውሃ ያቁራል፣ ክረምት ላይማ አይወራም፣ ላይፍ ጃኬቶቹ ሻግተው እንግዳ ማልበስ አሳፍሮናል። ውስጡን የሚከፍለው ኮምፔርሳቶ ከታች በስብሶ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ያሰብነው ኮምፔርሳቶውን ነቅለን ልኩን የላሜራ ሳጥን አሠርተን መክተት፣ የሚያስገባውን ቀዳዳ በሲሊኮን መድፈን፣ ከዛ በዘይት ቀለም መቀባት ነው። ደሴ አንድ ብየዳ ቤት እሠራለሁ ብሎናል። ያዋጣል ትላላችሁ? የምታውቁ ንገሩን፣ ብር ሳናወጣ።

ቦርከና_ማዶ
የደንገል ታንኳ ሳጥን የለው ጭንቀት የለው ሃሃሃ። ቀልዴን ነው፣ እኔም መልሱን ልከታተል ብዬ ነው።

የባቲው
ሙሄ ላሜራውን እርሳው ወላሂ። እኔ ጅቡቲ ወደብ ላይ የፈረንጆች ባለ ሸራ ጀልባ ሲታደስ እየሠራሁ ብዙ ቆይቻለሁ፣ እንዲህ ያለው ሳጥን በሁሉም ላይ አለ፣ በሁሉም ላይም ችግሩ አንድ ዓይነት ነው። ላሜራ በመጀመሪያ ይከብዳል፣ ክብደቱ ደግሞ ከኋላና በአንድ ጎን ስለሚሆን ጀልባዋ ታጋድላለች። ሁለተኛ በዛ አፍ የሚገባ ሳጥን ካሠራህ ከውስጥ ያለው ሰፊ ቦታ ከሳጥኑ ጀርባ ባዶ ይቀራል፣ ማለት ጠበበን ብለህ ይብስ አጠበብከው። ሦስተኛ ውሃው ከላሜራው ጀርባ ይሆንና ከየት እንደሚመጣ መቼም አታየውም፣ ላሜራው በዚህም በዚያም ዝጎ ያልቃል።

ሲሊኮኑንም ተው። ሲሊኮን የመታጠቢያ ቤት ነገር ነው፣ አንዴ የነካው ቦታ ላይ ቀለምም ሬዚንም (ፋይበሩን የሚያጠነክረው ፈሳሽ ሙጫ) አይይዝም፣ ኋላ ላይ ልታነሳው ብትል ፈግፍገህ አትጨርሰውም። ለጀልባ ፖሊዩሬታን የሚባለው ማሸጊያ ነው የሚሻለው፣ የመኪና መስታወት የሚያጣብቁበት ቤት ጠይቅ የዛ ዘመድ ነው፣ ብቻ ስትገዛ ፀሐይና ውሃ ይችላል ወይ በል።

ከሁሉ በፊት ግን ውሃው ከየት እንደሚገባ ሳታውቅ ምንም ነገር አትግዛ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ቀለም ይገዛል። ሳጥኑን ባዶ አድርገው፣ በጨርቅ ጠራርገህ ክዳኑን ከፍተህ ፀሐይ ላይ ዋል አድርገው። ከዛ ውስጡን ግድግዳውን በጠመኔ አስምርበት፣ ከታች ደግሞ ሶፍት ደርድርበት፣ ክዳኑን ዝጋና አንድ ሰው ከውጭ በጎማ ውሃ ያፍስስ። በአንዴ ሁሉም ቦታ አይደለም፣ ከታች ጀምሮ ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ላይ፣ በየመሀሉ እየከፈትክ እያየህ። ጠመኔው የታጠበበት መስመር መንገዱን ይነግርሃል። ከላይ ከጀመርክ ውሃው ወርዶ ሁሉንም ያርሰዋል፣ ምንም አትለይም።

እኔ ሳላየው የምጠረጥረው፣ አንድ የክዳኑ ዙሪያ ያለው ቦይ። ክዳኑ የሚያርፍበት ጠርዝ ዙሪያውን ቦይ አለው፣ ከቦዩም ውሃውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ትንሽ ቀዳዳ አለ፣ እሱ በአፈርና በቅጠል ሲደፈን ውሃው ሞልቶ ወደ ውስጥ ይገለበጣል። ሁለት ከላይ የገመድ ማሰሪያው የታሰረበት ብሎን። ሦስት የላይኛውና የታችኛው ፋይበር የተጋጠሙበት መስመር። አራት መቀመጫው መሀል ያለውን ውሃ ወደ ውጭ የሚያወርደው ቱቦ፣ ያረጀ ከሆነ የታሰረበት ቺንጊያ ጋ ይሰነጠቃል። ከታች ያቆረው ውሃ የዝናብ ይሁን የሐይቁ ለማወቅ ደግሞ ዝናብ በሌለበት ሳምንት ተመልከተው፣ ከደረቀ ከላይ ነው፣ ካልደረቀ ነገሩ ሌላ ነው።

ዘሐራ_ደሴ
እኔ ኤሌክትሪክ ነው የምሠራው፣ ስለ ፋይበሩ አላወራም። ግን ጽሑፍህን ሳነብ ባትሪና የቤንዚን ጀሪካን አንድ የተዘጋ ሳጥን ውስጥ የምትለው ላይ ደርሼ ቆምኩ። ወንድሜ ይሄ እድሳት እስኪደርስ የሚጠብቅ ነገር አይደለም፣ ዛሬውኑ አውጡት።

ምክንያቱን ልንገርህ። የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ይከብዳል፣ ስለዚህ ክዳኑን ብትከፍተውም አይወጣም፣ ታች ወርዶ እንደ ውሃ ይተኛል። ብርድ ነው ሐይቅ አትበሉ፣ ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ እሳት የሚይዝ ትነት ያወጣል። የአሲድ ባትሪ ደግሞ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ እሱ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ከክዳኑ ስር ይጠራቀማል፣ አየሩ ውስጥ 4 ከመቶ ሲደርስ መቀጣጠል ይችላል። ማለት ሳጥንህ ከታችም ከላይም የሚነድ ነገር ይዞ መሀል ላይ የባትሪ ጫፍና የላላ ሽቦ አለው። አንድ ጊዜ ቁልፍ ስትጫን የሚወጣው ብልጭታ በቂ ነው። ሰው ተሳፍሮባት!

ጀሪካኑ ወይ ክፍት ቦታ ላይ በገመድ ታስሮ ጥላ ስር ይሁን፣ ወይ ለብቻው የሆነ፣ ከታች ወደ ውጭ ቀዳዳ ያለው፣ ከሌላው ጋር የማይገናኝ ቦታ ይሠራለት። ባትሪው እዛው መቅረት ይችላል ግን በፕላስቲክ ሳጥን፣ በጠፍር ታስሮ፣ ጫፎቹ በጎማ ተሸፍነው፣ ከላይ መተንፈሻ ኖሮት። ከፖዘቲቩ የሚወጣው ሽቦ ላይ ፊውዝ አድርግ፣ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ። ፊውዙን ሩቅ ካደረግከው ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ቢቀጣጠል ማን ይቆርጠዋል?

ሙሄ_ሐይቅ
እህቴ አላህ ይስጥሽ፣ ጀሪካኑን አሁኑኑ አስወጥቼዋለሁ። ባትሪው ከትንሽ ሶላር ነው የሚሞላው ቀኑን ሙሉ፣ እሱንም አውልቄዋለሁ። የባቲው ወንድሜ ያንተን ሙከራ ነገ እናደርጋለን።

ጋሽ_መልህቅ
ልጆች ጥሩ እየተማከራችሁ ነው። እኔ በድሮው ባሕር ኃይል ምጽዋ ላይ ያገለገልኩ የደላንታ ሰው ነኝ፣ አሁን ደሴ ነው የምኖረው። ስለ ውበቱ እናንተ ትነጋገራላችሁ፣ እኔ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር።

የዚህ ሳጥን ክዳን የጀልባዋ አካል ነው። ማዕበል ወይም ዝናብ መቀመጫው መሀል ያለውን ቦታ ቢሞላው፣ ክዳኑ ካልተቆለፈ ውሃው አንሳፎ ይከፍተዋል፣ ከዛ ውሃው በሳጥኑ በኩል ወደ ጀልባዋ ሆድ ይገባል። በስብሷል የምትለው ኮምፔርሳቶ ምናልባት ዕቃ ለመክፈል ብቻ የተደረገ አይደለም፣ ሳጥኑን ከሆዷ የሚለየው ግድግዳ እሱ ሊሆን ይችላል። እንግዲያው ነቅለህ ክፍቱን እንዳትተወው፣ ሰፋልን ብላችሁም እንዳትደሰቱ። መልሰህ ዝጋው፣ ውሃ የማያሳልፍ አድርገህ። ክዳኑም ከውጭ የሚቆለፍ መያዣ ይኑረው፣ ሰው ውስጥ እየሠራ ሳለ ግን መያዣው ታስሮ ክፍት ይሁን።

ላይፍ ጃኬት ሳጥን ውስጥ ከመልህቅ ስር አይቀመጥም። ሐይቁ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል፣ ብዙው እንግዳ ደግሞ ዋና አያውቅም። እንግዳው ሲሳፈር ይልበሰው፣ ትርፉ እጅ በሚደርስበት ይሰቀል። ያኔ ሳጥኑ ግማሽ በግማሽ ባዶ ይሆንላችኋል፣ ጠበበ የምትሉትም ይቀላል።

እና ከዛ ውስጥ ያወጣችሁትን ቤንዚን የነካ ውሃ ወደ ሐይቁ እንዳትደፉ አደራ። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም፣ ከአርዲቦ ሐይቅ በአንከርካ ወንዝ የገባው ሁሉ እዛው ነው የሚቀረው፣ ሰዉም ከብቱም ይጠጣዋል። በጨርቅ መጥጣችሁ ወደ ዳር አውጡት።

ኮምቦልቻ_ፋይበር
ሰላም ነው። እኔ የመኪና ፋይበር ነው የምጠግነው፣ የአይሱዙ ስፖይለር፣ የሚኒባስ መከላከያ፣ ምናምን። ጀልባም ሁለት ሦስቴ ነካክቻለሁ፣ ሥራው ያው ነው ልዩነቱ ውሃ ይቅር አይልም።

እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ማጠብ፣ በሙቅ ውሃና በኦሞ ደጋግሞ። ብዙ ሰው ቀጥታ ወደ ብርጭቆ ወረቀት ይሄዳል፣ ቅባቱ ሳይወጣ ከፋቅከው ዘይቱን ወደ ውስጥ ነው የምታሸው። ሲደርቅ በ80 ቁጥር እስኪደበዝዝ ድረስ መፋቅ፣ አብረቅራቂ ቦታ ከቀረ ሬዚን አይይዝም። የፋይበር አቧራ ሳንባ ይጎዳል፣ የጨርቅ ማስክ አይበቃም፣ ረጅም እጅጌ ልበስ አለበለዚያ ሌሊቱን ስታክ ታድራለህ። ጠባብ ቦታ ውስጥ ሬዚን ስትቀባ ደግሞ ጭሱ ጭንቅላት ያዞራል፣ ብቻህን አትግባ፣ ቬንትሌተር ከውጭ ወደ ውስጥ ይንፋልህ፣ እግርህን የሚይዘው ሰውዬ እዛ ላይ ጥቅሙ ይታያል።

ኮምፔርሳቶ ስትገዛ ሻጩን አትመን። ትንሽ ቁራጭ ለምነህ ቤት ውሰድና ድስት ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት ቀቅለው፣ ከተገነጠለ ኮላው የውሃ አይደለም፣ ካልተገነጠለ ግዛው። ችፑድና ኤምዲኤፍ እንዳታስበው። ልኩን ለመውሰድ በሜትር አትልፋ፣ የጀልባ ጎን ቀጥ ያለ ቦታ የለውም። ካርቶን ቁረጥ፣ እያስገባህ እየሸረፍክ ልኩን አውጣ፣ ከዛ ካርቶኑን ኮምፔርሳቶው ላይ አስምር። አፉ ስለሚጠብ ለሁለት ቆርጠህ ውስጥ ገጥመው፣ መጋጠሚያው ላይ ከጀርባ ሌላ ቁራጭ ደርብበት። ጠርዙ ከጀልባዋ ቆዳ ጋር ግጥም እንዳይል፣ ትንሽ ክፍተት ተው፣ ምክንያቱም እንጨቱ ጠርዙ ከገፋ ከውጭ በኩል እዛ መስመር ላይ ፋይበሩ መሰንጠቅ ይጀምራል።

ሬዚን ላይ ብር መቆጠብ ከፈለግክ ፖሊስተር በቂ ነው፣ ጀልባዋም ስትሠራ በፖሊስተር ነው የተሠራችው።

የባቲው
ወንድሜ ሁሉንም እስማማለሁ መጨረሻው ላይ ግን አይደለም። አዲስ ስትሠራ አንድ ነገር ነው፣ ድሮ የደረቀ ፋይበር ላይ ስትለጥፍ ሌላ ነው። ፖሊስተር እንጨት ላይ አይዝም፣ ለጊዜው የያዘ ይመስላል ከዛ እርጥበት ሲገባ እንደ ልጣጭ ይነሳል። ኮምፔርሳቶ ከፋይበር ማያያዝ ከሆነ ሥራው ኢፖክሲ የሚባለው ሬዚን ነው። ውድ ነው አዎ፣ ግን ለዛች ሳጥን የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም።

ኮምቦልቻ_ፋይበር
እንጨት ላይ ያልከው ልክ ነው፣ ለመገጣጠሚያው ኢፖክሲ ይሁን። ያው ደንበኛ ብር የለኝም ሲል መካከለኛውን መንገድ መፈለግ ለምዶብን ነው። ግን ኢፖክሲ ከሆነ ሙሄ ልብ በል፣ ያ ርካሹ የተበታተነ ክር ያለው ምንጣፍ የሚመስለው ፋይበር አይሆንም፣ እሱን የያዘው ማጣበቂያ በፖሊስተር ነው የሚሟሟው፣ በኢፖክሲ አይለሰልስም ይገተራል። የተሸመነውን ጨርቅ ግዛ።

ሁለተኛ ሃርድነር፣ ማጠንከሪያው። ፖሊስተር ላይ 1 ወይም 2 ከመቶ ነው፣ ብርድ ከሆነ ትንሽ ከፍ ታደርጋለህ። ኢፖክሲ ላይ ይሄን ከሞከርክ አበቃልህ፣ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ልክ ልክ ነው፣ ብትጨምር አይፈጥንም እንዲያውም ሳይጠነክር ይቀራል። ብዙ አንዴ በብርጭቆ አታዋህድ፣ በራሱ ሙቀት ይጨሳል፣ ሰፋ ባለ ሳህን ላይ ገልብጠው። ማዕዘኑን መጀመሪያ በሰጋቱራ ባወፈርከው ኢፖክሲ ክብ አድርገህ ሙላው፣ የእንጨት ብናኝ ማለቴ ነው ደቃቁን ወንፊት አሳልፈህ፣ ከዛ ጨርቁን ከላዩ። ጨርቅ በቀጥታ ማዕዘን አይታጠፍም፣ ስሩ አየር ይቀራል፣ ውሃ እዛ ይገባል።

የሐይቅ ሌሊት ደግሞ በኅዳርና ታኅሣሥ ይበርዳል፣ ብዙው ኢፖክሲ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ይቆማል ማለት ይቻላል። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ጀምር እንጂ ማታ አትለጥፍ። ሲደርቅ ላዩ ላይ ቅባት የሚመስል ነገር ካወጣ በውሃና በስፖንጅ እጠበው፣ ሳታጥብ ሁለተኛ ከደረብክበት ይላቀቃል።

ሙሄ_ሐይቅ
ሙከራውን አደረግን። ውሃው ከሁለት ቦታ ነው። የክዳኑ ቦይ ቀዳዳ በጭቃ ተደፍኖ ነበር፣ በሽቦ ስንወጋው የወፍ ጎጆ የሚመስል ነገር ወጣ። ሌላው የገመድ ማሰሪያው ብሎን ነው፣ ጠመኔው ከሱ ስር ቀጥ ብሎ ታጥቧል። የባቲው አንተ ሳታየው ነው እንዴ የምታውቀው? ብሎኑ ዙሪያ ደግሞ በካቻቢቴ እጀታ ስንመታው ድምፁ ሌላ ነው፣ ዶፍ ይላል፣ ከሌላው ቦታ ጋር አይመሳሰልም።

የባቲው
ዶፍ ካለ ከላይኛው ፋይበርና ከታችኛው መሀል ያለው እንጨት ውሃ ጠጥቷል። ብዙዎቹ ጀልባዎች ላይኛው ወለላቸው እንደዛ ነው፣ መሀሉ ቀላል እንጨት ሆኖ በሁለት ፋይበር የተሸፈነ። ከብሎኑ ዙሪያ ጥቂት ብቻ ከሆነ ብሎኑን ፍታው፣ ቀዳዳውን በትራፓኖ አስፋው፣ የረጠበውን እንጨት በታጠፈ ምስማር ከውስጥ ፈልፍለህ አውጣ፣ በደንብ አድርቀው (መድረቁ ጊዜ ይወስዳል አትቸኩል)፣ ከዛ በኢፖክሲ ሙላውና ሲጠነክር በልኩ መልሰህ ብሳው። ያኔ ብሎኑ እንጨት አይነካም፣ ማሸጊያው ነገ ቢያረጅ እንኳ ውሃው የሚጠጣው ነገር አያገኝም። ከስር ሰፋ ያለ ዋሸር አድርግ። ድምፁ ሩቅ ድረስ ዶፍ ካለ ግን ሥራው ይተልቃል፣ በእርሳስ እያከበብክ ወሰኑን አውጣና ፎቶ ላክ።

ሙሄ_ሐይቅ
የአንድ መዳፍ ስፋት ነው፣ ከዛ አያልፍም አልሐምዱሊላህ። አሁን የቀረኝ ወለሉ ነው። ገመዱ እርጥቡን ሲገባ ታች እንዳይተኛ ርብራብ ነገር ልሠራ ነው፣ ምን እንጨት ይሻላል? ባሕር ዛፍ በሽ ነው እኛ ጋ።

ጋሽ_መልህቅ
ባሕር ዛፍ ይጣመማል። ጽድ ፈልግ ልጄ፣ ጽድ ውሃም ምስጥም አይደፍረውም፣ አጥር ላይ ስንት ዘመን ይቆማል። ከየጎፍ ጫካ ቁረጥ አላልኩም ደግሞ! የፈረሰ ቤት አሮጌ ጣውላ የሚሸጡ አሉ። ስስ ስስ አድርገህ፣ የሚነሳ አድርገህ ሥራው፣ እንዳትመታው። ከስሩ ውሃው የሚሄድበት መንገድ ይኑር፣ በየአግዳሚው ስር ቀዳዳ ተውለት፣ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ተሰብስቦ በስፖንጅ ይወጣል። መልህቁን ታች፣ ወደ መሀል ጠጋ አድርገህ እሰረው እንጂ ጥግ ላይ አትወርውረው።

ዘሐራ_ደሴ
መተንፈሻውን አትርሳ። ሁለት ይሁኑ፣ አንዱ ከፊት በኩል አየር የሚያስገባና በቱቦ እስከ ወለሉ የሚወርድ፣ ሌላው ከኋላ ከላይ የሚያስወጣ። አንድ ብቻ ከሆነ አየር አይዞርም፣ ሻጋታው ይመለሳል። ቀዳዳቸው ወደ ታች የታጠፈ ይሁን ዝናብ እንዳይገባ።

ቦርከና_ማዶ
ቀለሙስ? ሰማያዊ አድርጓት አቦ።

የባቲው
ከውጭ የፈለገውን ይቀባ፣ ውስጡ ግን ነጭ ወይ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነው፣ ጨለማ ሳጥን ውስጥ የወደቀ ብሎን የሚታየው እንደዛ ነው፣ ውሃ አዲስ ከገባም መንገዱ ወዲያው ይታያል። ባለ ሁለት ቆርቆሮው (ከማጠንከሪያው ጋር የሚዋሃደው) ቀለም ከተገኘ ይሻላል፣ የዘይት ቀለም ቤንዚን ሲነካው ይነሳል። ያልተቀባ ኢፖክሲ ፀሐይ አይችልም፣ ስለዚህ ክዳኑ ስር ያለውን ጠርዝም ቀባው።

ሙሄ_ሐይቅ
ብየዳ ቤቱን ደውዬ ይቅር ብዬዋለሁ፣ ትንሽ ተቆጣ። ካርቶኑን ዛሬ ቆርጠን ጨርሰናል፣ ሦስቴ ተቀዶብን። ኮምቦልቻ ወንድሜ ኮምፔርሳቶውን አንተ ጋ አምጥቼ ብንቆርጠውና የመጀመሪያውን ኢፖክሲ እዛው ብንቀባው ይሻላል? ዝቅ ያለ ስለሆነ ይሞቃል ብዬ ነው።

ኮምቦልቻ_ፋይበር
አዎ እሱ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ሁለቱንም ፊትና ጠርዙን እዚህ ቀብተን ይደርቃል፣ አንተ እዛ የምትሠራው ማጣበቁን ብቻ ይሆናል። ጠርዙ ነው ውሃ የሚጠጣው እሱን ሁለቴ ሦስቴ እንደርበዋለን። ቅዳሜ ጠዋት ና፣ ካርቶኑ ላይ የላይና የታች፣ የፊትና የኋላ ብለህ ጻፍበት፣ የቀቀልከውን ቁራጭም ይዘህ ና ልየው።